ከጎንደር እስከ ጨነቅ፦ የብዙ ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር እንዴት ይጨረሳል?

ሁለተኛው ቀን፣ ጧት፣ ደባርቅ። አንዱ ተወዳዳሪ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎታል እንጂ አይጠጣውም። ፍርፍሩን አንዴ ቀምሶ ገፋ አድርጎታል። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ይኸው ሰው ትናንት የወለቃን ዳገት ከሁሉም ቀድሞ ነበር የወጣው።

ይህን ሰው ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት እኔው ራሴ ነበርኩ። የብዙ ቀን ውድድር የሚበላሸው ትልቁ ተራራ ላይ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሰዓት ላይ፣ ከዚያም በየቀኑ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ስለ ዝግጅት፣ ስለ ምግብና ስለ ማታ ሥራ ብዙ እላለሁ።

ለምሳሌ የምጠቀመው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣውን ይህን የአምስት ቀን መንገድ ነው፦

1ኛ ቀን፦ ጎንደር፣ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልት።
2ኛ ቀን፦ ከደባርቅ በቡይት ራስ አድርጎ ሳንቃበር (3,250 ሜትር)። ኮረኮንች።
3ኛ ቀን፦ ከሳንቃበር በአምባራስ በኩል ጨነቅ (3,620 ሜትር)።
4ኛ ቀን፦ ከጨነቅ ወደ ቧሂት መተላለፊያ (ወደ 4,200 ሜትር) ወጥቶ ወደ ጨነቅ መመለስ።
5ኛ ቀን፦ ጨነቅ ወደ ደባርቅ።

የእናንተ ውድድር በሌላ መስመር የሚሄድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ከፍታውንና ርቀቱን ብቻ ቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናቡ አልፏል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። በክረምት አትሞክሩት። ዋልካው ጎማና ፍሬም መሐል ገብቶ ቸርኬው እስኪቆም ይጠቀጠቃል፤ ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት።

ጥር 11 አካባቢም ተዉት። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር አልጋ አይገኝም፣ መንገዱም በሰው ይሞላል። ጥምቀትን ለማክበር ኑ፣ ለመወዳደር በሌላ ጊዜ።

ጨነቅ ላይ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ከአሁኑ እወቁ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት የውሃ ኮዳችሁ አፍ ላይ በረዶ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 2፦ ስምንት ሳምንት ሲቀር፣ ሰውነት

ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ቀን ረጅም ነድተው ሦስት ቀን በማረፍ ነው። ውድድሩ ግን በደከመ እግር መነሳትን ነው የሚጠይቀው። ልምምዱም እሱን ይምሰል።

1. ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት፦ በሳምንት ሦስት ቀን ንዱ። አንዱ ቀን ከከተማ እስከ ኮሶዬ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ሌሎቹን ሁለቱን በአዘዞ በኩል ቀለል አድርጉ።
2. ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ ቅዳሜ ረጅም፣ እሑድ ደግሞ የቅዳሜውን ግማሽ። እሑድ ጧት ሰውነታችሁ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል መነሳት ነው ልምምዱ።
3. 7ኛ ሳምንት፦ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ሙሉ ዕቃ ተሸክማችሁ፣ በውድድሩ የምትበሉትን እየበላችሁ።
4. 8ኛ ሳምንት፦ በግማሽ ቀንሱ። አዲስ ነገር አትሞክሩ።

ፍጥነታችሁን በአፋችሁ ለኩ። ዳገት ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ብቻውን የሚነዳ ሰው «አባታችን ሆይ»ን ይሞክር፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ እስከ መጨረሻው ከሄደ ልክ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* የመቀመጫ ቁስል ከጉልበት ሕመም በላይ ሰው ያስወጣል። ስፖንጅ ያለውን የብስክሌት ቁምጣ ያለ ፓንት ልበሱ። ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበስ። ኮርቻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቫዝሊን ተቀቡ። ያፈራችሁ እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ታስታውሱኛላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ብስክሌቱ

ከዳባት ወዲያ የሚረዳችሁ መካኒክ የለም ብላችሁ አስቡ። በመንገዱ ላይ ጎሚስታ አለ፣ ከመነዳሪ ይለጥፋል፣ ንፋስ ይሞላል። የዲስክ ፍሬን ሸራ ወይም የ12 ማርሽ ካቴና ግን አትጠብቁ። ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ፦

1. *ካቴና።* መለጠጡን በካቴና መለኪያ ለኩት። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 0.5 ሲያሳይ ቀይሩት፤ ከዚያ በታች ለሆነ ማርሽ 0.75 ይበቃል። ያረጀ ካቴና ይዞ የሄደ ሰው ዳገት ላይ፣ ቆሞ ሲረግጥ ይበጠስበታል። ጉልበቱ መሪው ላይ ያርፋል።
2. *ማርሽ።* ፊት አንድ ማርሽ ብቻ ካላችሁ 30 ወይም 32 ጥርስ ይሁን፣ ኋላ ትልቁ 50 ወይም 51። የድሮው ባለ ሦስት ከሆነ ፊት 22፣ ኋላ 34 ይበቃል። በጎንደር ከተማ ውስጥ የበቃችሁ ማርሽ 3,600 ሜትር ላይ አይበቃችሁም።
3. *የፍሬን ሸራ።* ብረት የተቀላቀለበትን ግዙ። ለስላሳው ጸጥ ይላል፣ ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ኃይሉ ይከዳል፤ ጭቃ ሲነካው ደግሞ በአንድ ቀን ያልቃል። አዲሱን ሸራ አስለምዱት፦ ሜዳ ላይ ፍጠኑ፣ ሳትቆሙ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ። 20 ጊዜ።
4. *የፍሬን ዘይት።* እጀታው ስፖንጅ የመሰለ ስሜት ካለው አየር ገብቷል፣ አስወጡለት። ሚኒራል ዘይት የሚወስድ ፍሬን ውስጥ ዶት (DOT) የተባለውን የፍሬን ዘይት አታስገቡ፣ በተቃራኒውም እንዲሁ። ላስቲኩ ያብጣል፣ ፍሬኑ ይበላሻል።
5. *ጎማ።* ስፋቱ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ከሆነ የማሸጊያውን ፈሳሽ አዲስ አድርጉ፣ በአንድ ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ22 እስከ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ከመነዳሪ ካለው ወደ 30 ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ሲነካው ሁለት ቦታ ይበሳል።
6. *ቸርኬ።* አንድ በአንድ ሽቦውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ። ድምፁ ከሌላው የወረደ ሽቦ ላልቷል።

ከመነሻው አንድ ሳምንት ሲቀር መፍቻውን አስቀምጡ። የመጨረሻው ምሽት ላይ «ትንሽ ላስተካክል» ያለ ሰው ነው ጧት ሰልፍ ላይ ብሎን የሚፈልገው።

*የዕቃ ቦርሳ፦* ሁለት ከመነዳሪ (ጎማችሁ ያለ ከመነዳሪ ቢሠራም)፣ መለጠፊያ፣ ፖምፓ፣ የካቴና መፍቻና ሁለት ማያያዣ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ ማርሽ ቀያሪው ፍሬም ላይ የሚታሰርበት ትርፍ ጆሮ፣ የላስቲክ ማሰሪያ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የካቴና ዘይት፣ አሮጌ ካልሲ።

ለቫልቮላው ደግሞ ልዩ ትኩረት ስጡ። የእሽቅድድም ቀጭኗ ቫልቮላ ካላችሁ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አይገባባትም። ጫፏ ላይ የምትጠመዝዝ የነሐስ ማገናኛ አለች፣ ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ሁለት ግዙ። አንዷ ትጠፋለች።

ደረጃ 4፦ ከፍታውን ልመዱ

ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ጨነቅ ላይ ወደ 64 ይወርዳል፣ ቧሂት መተላለፊያ ላይ ወደ 60። ስለዚህ ከፍ ስትሉ የምታገኙት ጉልበት የሜዳውን አያህልም። ቧሂት ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ታጣላችሁ። ይህን የሚያሸንፍ ጀግንነት የለም።

የጎንደር ሰው ትንሽ ብልጫ አለው፣ 2,100 ሜትር ላይ ነው የሚያድረው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የሚመጣ ጎንደር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ቢችል ደባርቅ ላይ አንድ ይጨምር። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የምታድሩበት ቦታ ከትናንትናው ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል፤ 4ኛው ቀን ጨነቅ ላይ የሚያድረውም ለዚህ ነው።

*ሲበላሽ፦*

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ጠጡ፣ ብሉ፣ አትጨምሩ። በዚያው ከፍታ እደሩ።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽና ከማዞር ጋር ከመጣ የነገው ቀን ውድድር የለም። ሕመሙ ሳይለቅ ወደ ላይ አይኬድም።

ተቀምጦ የሚያለከልክ፣ አረፋ ያለው ሳል የሚያስል፣ እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ፣ የማይገናኝ ነገር የሚያወራ ሰው ካያችሁ ጧት አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት በመኪና አውርዱት። ኦክስጅን ካለ ስጡት፣ ግን እሱን ስትፈልጉ አትቆዩ። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ካለ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ለከፍታ የሚወሰድ መድኃኒት ከፈለጋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከጓደኛ ኪስ አይወሰድም።

ደረጃ 5፦ ወረቀት፣ ስካውትና መኪና

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደበው እዚያ ነው። ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፦

1. በየትኛው መንገድ ብስክሌት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። የመኪናውን መንገድ ይዛችሁ ንዱ። የገደሉ ጠርዝ ላይ ያለው የእግር መንገድ ለፎቶ ያምራል፣ ለጎማ አይሆንም።
2. ስካውቱ በእግሩ ነው፣ እናንተ በጎማ። ይህን ማንም አስቀድሞ አያስበውም። ስካውቱንና ዕቃውን የምትይዝ መኪና ያዙ፣ ወይም የት የት እንደምትጠባበቁ ተስማሙ።
3. የመንገዱን ጸጥታ አጣሩ። በጎንደርና በደባርቅ ያለውን አስተዳደር ጠይቁ፣ በዚያው ሳምንት ያለፈ ሹፌርም ጠይቁ። መንገድ ሊዘጋ፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። «ትንሽ ይጠበቅ» ከተባላችሁ ቀኑን አዛውሩ።

መታወቂያ ያዙ። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ርቀት ለመጠየቅ ካርታው ይሻላል፤ የደጋ ሰው «እዚችው ናት» ካላችሁ ሁለት ዳገት ይቀራችኋል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀን

1. ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። አይሱዙዎቹና ሚኒባሶቹ ሳይበዙ ከከተማ ውጡ።
2. ወለቃ ዳገት ላይ የሚያልፏችሁን ሁሉ አሳልፉ። የምሬን ነው። ሰው በተነሳ በአሥር ደቂቃ ልቡ ደረቱን የሚመታው እዚህ ነው፤ አሥር ደቂቃ ያተረፈ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግማሽ ሰዓት ይከፍላል።
3. ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ ጀምሮ ብሉ። ሲርባችሁ መብላት የዘገየ ነው።
4. ኮሶዬ ላይ ፎቶ አንሱ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሂዱ። ላብ የነካው ጀርባ ነፋስ ሲመታው ይበርዳል።
5. ደባርቅ ከጎንደር የምትበልጠው በ700 ሜትር ገደማ ነው። ግን መንገዱ ወጥቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ «አሁንስ አበቃ» አትበሉ። ዳባት ሲደርሱ ብዙዎች ያበቃ መስሏቸው ይለቁታል።
6. ቁልቁል ሲሆን ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ግቡ። ጠርዙ ላይ ጠጠር፣ አህያ፣ ልጅ አለ።

*ሲበላሽ፦* ዳባት ላይ እግራችሁ ከተያዘ (ቁርጥማት ሳይሆን ሽምቅቅ ካለ) ቁሙ። ውሃ በጨው ጠጡ፣ ጡንቻውን ሳቡ፣ በቀላል ማርሽ ቀጥሉ። ብትጎትቱት በማግስቱ አይነሳም።

ደረጃ 7፦ ምግብና ውሃ

በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳርና ስታርች ያስፈልጋችኋል። ከውጭ የሚመጣው ጄል ውድ ነው፣ ሆድም ይይዛል። በሶ አለላችሁ።

*የኮዳ በሶ፦* ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥጫ ጨው፣ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ። ይህ 55 ግራም ገደማ ይሰጣችኋል። ጉድለቱን በግማሽ ሙዝ ወይም በሁለት ቴምር ሙሉት።

ግን በሶው በደንብ ካልተነፋ ይደፍነዋል። የኮዳው ጡት ላይ ቅንጣቷ ትሰካና ዳገት መሐል ብትጨምቁት ጠብ አይልም። አንዴ በጥርሴ ክዳኑን ስከፍት ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፣ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ተከተለኝ። በሻይ ማጥለያ ንፉት። አፉ ሰፊ ኮዳ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ኮዳ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለእረፍት ጊዜ ነው። እየነዱ ደረቅ ቆሎ መብላት ማነቅን መጥራት ነው። ጭኮ ጥሩ ነው፣ ግን ቅቤው ስላለ ለማታ ተዉት።

የሚጾም ሰው አስቀድሞ ያስብበት። ረቡዕና ዓርብ ቢውል፣ ወይም ነገሩ ኅዳር 15 ከሚገባው የነቢያት ጾም ጋር ቢገጥም፣ ሽሮና ምስር በእንጀራ ለዚህ ሥራ ከሥጋ ይሻላል። ችግሩ እስከ 9 ሰዓት አለመብላት ነው። እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ጨነቅ ላይ አይደለም።

*ውሃ፦* 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተጨማሪ አፍሉት። ውሃ አጋር ካላችሁ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ፣ የደፈረሰውን መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉ።

*ሆድ ቢበላሽ፦* አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እየተጎነጫችሁ ጠጡ። ደም ካያችሁ ወይም ትኩሳት ካለ ውድድሩ አልቋል፣ ወደ ሐኪም።

ደረጃ 8፦ ማታ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። እንደደረሳችሁ፣ ሳትተኙ፣ ሳታወሩ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. *በ10 ደቂቃ ውስጥ* እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ ደረቅና ሞቃት ልበሱ። ኮፍያ ጭምር።
2. *በ30 ደቂቃ ውስጥ* ብሉ። ዳቦ በማር፣ ሻይ በብዙ ስኳር፣ የተገኘው። እራት ገና ነው።
3. *ከዚያ ብስክሌቱ።* ካቴናውን በአሮጌው ካልሲ ጥረጉ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ትርፉን ጥረጉ። የፍሬን ሸራውን በባትሪ እዩ፤ የሸራው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አሁን ቀይሩ። ጎማውን በመዳፋችሁ ዙሩት፣ እሾህ ፈልጉ። ብሎኖቹን ንኩ። 20 ደቂቃ ይበቃል። ጧት በውርጭ የደነዘዘ ጣት ይህን አይሠራም።
4. *መቀመጫውን* ታጠቡ፣ ቁምጣውን እጠቡ፣ አድርቁ።
5. *እራት።* ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሽሮ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ባትፈልጉም ብሉ።
6. *የነገውን* ኮዳ፣ ምግብ፣ ልብስ በር ላይ አዘጋጁ።
7. ሁለት ሰዓት ላይ ተኙ። ጨነቅ ላይ ስልክና ባትሪ ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይደር፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ጠላና አረቄ ይቀርብላችኋል። የደጋ ሰው እንግዳ በባዶ አያሳድርም፣ እምቢ ማለትም ያስቀይማል። ክርክር አትግጠሙ። «አባቴ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» በሉ። ወዲያው ይገባቸዋል፣ እንዲያውም «እግዜር ይማርህ» ይሏችኋል። አልኮል ከፍታ ላይ እንቅልፉንም ትንፋሹንም ያበላሻል።

ደረጃ 9፦ ኮረኮንቹና ባለመንገዶቹ

ከደባርቅ በኋላ መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። በቅሎ፣ በግ፣ እረኛ፣ የጭነት መኪና አለ።

*ከብት፦* ከሩቅ ቀንሱ። ደወል ከምትደውሉ «እረኛው፣ አሳልፈኝ» በሉ። ድምፅ የለመደ በሬ ዞር ይላል፣ ደወል ያልሰማ ይበረግጋል።

*ውሻ፦* ብትፈጥኑ ያባርራችኋል። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሐል አድርጉ፣ እየተራመዳችሁ እለፉ። ብዙውን ጊዜ ከበጎቹ ስትርቁ ይተዋችኋል።

*ልጆች፦* ከእነሱ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ዱላ ቸርኬ ውስጥ የሚገባው ዝም ብሎ ለሚያልፍ ነው። ዳገት ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው የሚገፉ አሉ፤ ደስ ይላል፣ ግን ትወድቁና ትጥሏቸዋላችሁ።

*ጭላዳ፦* መንጋው መንገዱን ሲያቋርጥ ቁሙ። መሐላቸው አትግቡ፣ አታብሏቸው። ዋሊያና ቀይ ቀበሮ ካያችሁም እንዲሁ፣ ከመንገድ አትውጡ።

*ኮረኮንች ላይ አነዳድ፦* ክርናችሁን አላሉ፣ መሪውን አትጨብጡ። ዓይናችሁ ከፊት ጎማው ላይ ሳይሆን ከአሥር ሜትር ወዲያ ይሁን። መንገዱ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ሲሆን ጠርዙን ፈልጉ፣ ግን የገደሉን ጠርዝ አይደለም።

*ስለ ጎማ ንፋስ አንድ ነገር፦* ከጎንደር ሞልታችሁ ቧሂት ስትደርሱ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2.5 ፒኤስአይ ገደማ ጨምሮ ያሳያል። ግን የጧቱ ብርድ ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀንሰዋል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ጧት ጨነቅ ላይ «ቀነሰ» ብሎ የሞላ ሰው እኩለ ቀን ላይ እንደ ኳስ የሚነጥር ጎማ ይኖረዋል። በአውራ ጣት ነክታችሁ ልክ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 10፦ ቁልቁለቱ

የቧሂት ቁልቁለትና የመጨረሻው ቀን የጨነቅ መልስ እንደ ዳገቱ ያደክማል። እጅ ነው የሚደክመው።

1. ከመውረዳችሁ በፊት ቁሙ። ደረቅ ካናቴራ ቀይሩ፣ ጃኬት ልበሱ፣ ጓንት አድርጉ። አሥር ደቂቃ ከወረዳችሁ በኋላ ልልበስ ያለ ጣቱ ዚፕ አይዝለትም።
2. ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ በመታጠፊያው ውስጥ ልቀቁ። እስከ ታች እየያዙ መውረድ ዲስኩን ያግላል።
3. በሁለቱም ፍሬን፣ በአንድ አንድ ጣት። ሌሎቹ ጣቶች መሪውን ይያዙ።
4. በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ እጃችሁን አራግፉ፣ ፍሬኑን አሽትቱ።

*ሲበላሽ፦* የተቃጠለ ሽታ ካለ ወይም እጀታው ወደ መሪው ከተጠጋ ወዲያው ቁሙ። አሥር ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስሱበት! አንድ ዓመት ቸኩዬ ኮዳዬን ደፋሁበት። ዲስኩ ጭስ ተፋና ጠመመ። እስከ ጎንደር ድረስ በየዙሩ «ጢስ፣ ጢስ» እያለ ዘመረብኝ።

ልምምድ ከፈለጋችሁ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞ አለ። ጠመዝማዛው ለፍሬን ትምህርት ቤት ነው። ግን ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ጧት በማለዳ፣ ከመኪና ኋላ ሳትጠጉ፣ ከመታጠፊያው መሐል መስመር ሳታልፉ።

ደረጃ 11፦ መንገድ ላይ ሲሰበር

*ካቴና ተበጠሰ፦* የተጣመመውን ቁራጭ በመፍቻው አውጡ፣ በማያያዣው ግጠሙ፣ ፔዳሉን አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ «ቋ» ይላል። ካቴናው ስላጠረ ትልቁን ከትልቁ ማርሽ ጋር አታገናኙ።

*የማርሽ ቀያሪው ጆሮ ተሰበረ፦* ትርፉን ግጠሙ። ከሌለ ቀያሪውን ፍቱ፣ ካቴናውን አሳጥራችሁ በአንድ መካከለኛ ማርሽ ላይ እሰሩት። ዳገቱን ገፍታችሁ፣ ሜዳውን ነድታችሁ ትገባላችሁ።

*ጎማው በጎኑ ተቀደደ፦* ከውስጥ በኩል የጥርስ ሳሙና ቱቦ ወይም የውሃ ፕላስቲክ ቁራጭ አንጥፉ፣ ጫፎቹን አለስልሱ፣ ከመነዳሪ አስገቡ፣ ንፋሱን አታብዙ።

*ሽቦ ተበጠሰ፦* ከጎረቤቱ ሽቦ ጋር በላስቲክ እሰሩት። ቸርኬው ፍሬሙን ካልነካ ይሄዳል።

*እናንተ ወደቃችሁ፦* ወዲያው አትነሱ። አንገት፣ ትከሻ፣ ጣት፣ በየተራ አንቀሳቅሱ። ራስ ከተመታና ሄልሜቱ ከተሰነጠቀ ምንም ባይሰማችሁ መኪና ውስጥ ግቡ።

ደረጃ 12፦ ደባርቅ ከገባችሁ በኋላ

ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዳችሁ በመኪና ማጠቢያው ግፊት አታስመቱት። ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥባል፤ በወሩ ቸርኬው መንቋቋት ይጀምራል። ልጁን ባልዲና ጨርቅ ጠይቁት። ካቴናውን አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። ከዚያ ወደ ጎንደር የምትመለሱበት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስትጭኑ የማርሽ ቀያሪው ወደ ላይ ይዙር፣ ረዳቱም ከበግ አጠገብ እንዳያስረው ቆማችሁ እዩ።